ራሷ ትገባለች

ኅዳር 2፣ ሰኞ ማታ

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር አለ፦ አይጥ እፈራለሁ።

ይህን ጻፍኩና ብዕሩን አስቀምጬ በሩን ቆልፌ ተመለስኩ። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ ከማን እንደምደብቀው እኔም አላውቅም። ሌላ ሰው አይጥ ቢፈራ ማንም ጉዳዬ አይለውም። የኔ ችግር የምተዳደረው በአይጥ መሆኑ ነው።

በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት፣ ክፍል ለ ውስጥ፣ የነጭ አይጦች ሞግዚት ነኝ። ሰጋቱራ እቀይራለሁ፣ ውሃ እሞላለሁ፣ መኖ እሰፍራለሁ፣ አይጦቹን ከቆሸሸ ሳጥን ወደ ንጹሕ ሳጥን አዛውራለሁ። የሚጠናው ደግሞ ሌላ ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ አንጎል ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደሚነሣ፣ በምን መድኃኒት እንደሚተኛ። ክፍሉ ውስጥ ካለነው ፍጥረታት ሁሉ ለጥናቱ የምመቸው እኔ ነበርኩ፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ስቀጠር ፕሮፌሰሩ፣ "አይጥ ይፈራሉ?" አሉኝ። "እኔ? አይጥ?" ብዬ ሳቅሁ። ሳቁን እንደ መልስ ቆጠሩት። አልዋሸሁም፤ ጥያቄን በጥያቄ መለስኩ እንጂ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

በችኮላ። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተለጥፏል። ጓንት ያደረገ እጅ አንዲት አይጥ ከጭራዋ ሥር ይዞ ወደ ላይ አንሥቷታል። ከታች "ትክክለኛ አያያዝ" ይላል። ጠዋት ጠዋት ስገባ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ጭራ በጣቴ! ከዚያ በፊት እኔን በጠጉሬ ያንጠልጥሉኝ።

ኮቴ። ደብተሩ ወደ ጋዋኔ ኪስ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ ማታ

ታዲያ እንዴት ነው የማዛውራቸው? አንዴ ከጀመርኩ ልጨርሰው።

በቱቦ ነው። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ መሃሉ ላይ የሚቀር ካርቶን አለ አይደል? እሱን ሳጥኑ ውስጥ አጋድመውና ፊቴን አዞራለሁ። አይጧ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ትገባለች። ሁለቱን ጫፍ በመዳፌ ከድኜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ወደ አዲሱ ሳጥን። እዚያ ሲያሻት ትወጣለች። ኮሪደሩ ላይ ሰው ከመጣ ቱቦውን ጋዋኔ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። አንድ ቀን አይጧ ውስጡ እንዳለች ሸጎጥኩት። ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ዘዴው የባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ቤታችን አይጥ ስትገባ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ እጮሃለሁ (ተጸይፌ እንጂ ፈርቼ አይደለም እላቸው ነበር፣ እሱንም ልጃችንንም)። "ግደላት! ምን ትጠብቃለህ? አንተ ደግሞ ወንድ ነህ!" እሱ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ያጋድምና አጠገቡ ቁጢጥ ይላል።

"ቆዪ" ይለኛል፤ "ራሷ ትገባለች።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትገባ።"

ትገባለች። ይዟት ደረጃውን ወርዶ ከአጥር ውጭ ይለቃታል። ተመልሶ ሲመጣም ጩኸቴን አልጨረስኩም።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ጎረቤት ሁሉ "እንዴት ያለ ሰላም ያለው ቤት ነው" ይል ነበር። እውነትም ሰላም ነበረን።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ልጄ ደወለች።

"ደህና ነሽ እማ?"

"ደህና ነኝ። አንቺስ?"

"ደህና።"

"በላሽ?"

"በላሁ።"

"መቼ ነው የምትመጪው?"

ሥራ እንደበዛባት ነገረችኝ። የምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። "ለእናትሽ ሲሆን ነው ሥራ የሚበዛብሽ?" አልኳት። ልናገረው አላሰብኩም፤ አመለጠኝ።

"እሺ እማ። ቻው።"

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። የኔዋ ጎበዝ ሆና ነው መሰለኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

በክፍል ለ አይጦች ላይ የምትሠራው አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ናት። ደግ ልጅ ናት፤ "እትዬ" እያለች ሁሉን ታስረዳኛለች። ዛሬ ሰሌዳዋን አሳየችኝ። ከወለሉ ከፍ ያለ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው መንገድ ነው። ሁለቱ ክንዶች ግራና ቀኝ ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ምንም የላቸውም፣ ገደል ናቸው። ጤነኛ አይጥ ገደሉን ትፈራና ግድግዳው መሃል ትደበቃለች። የሚያረጋጋ መድኃኒት የተሰጣት ግን ወደ ገደሉ ወጣ ወጣ ማለት ትጀምራለች። ጥናቱ ይኸው ነው፤ የሁለቱ ልዩነት።

"ችግሩ ምን መሰለዎት፣ እትዬ" አለችኝ፤ "ምንም ያልተሰጣቸውም አይፈሩም።"

አንዷን አስቀመጠቻት። አይጧ በቀጥታ ወደ ገደሉ ጫፍ ሄደች፣ ቁልቁል አየች፣ ከዚያ ተቀመጠችና ፊቷን ታጠበች። በረንዳዋ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ባልቴት መሰለችኝ።

"አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች" አልኩ፣ የሆነ ነገር ማለት ስላለብኝ።

"ድመት ባመጣላትም 'እንደምን ዋሉ' ነው የምትለው!" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "የድሮው ሞግዚት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አይጦቹ እንደ ደንቡ ፈሪዎች ነበሩ። ኮሚቴው ፊት ምን ይዤ ልቅረብ?"

"ከአየሩ ይሆናል" አልኳት።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ምርመራ ተጀመረ። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ወረዱ። (ስልካቸው ሲጮህ ከወንበራቸው ብድግ ስለሚሉ ከጀርባቸው አባ ድንጋጤ እንላቸዋለን።) መኖው ተመዘነ። ሰጋቱራው ተሸተተ። ለመስቀሉ ሰሌዳ ምንም የማያገባው የአይጥ እግር በኤሌክትሪክ የሚነዝር መሣሪያ ሳይቀር ከቁም ሳጥን ወጣ፤ ሰው ሲጨንቀው ያገኘውን ሁሉ ይፈትሻል።

"ይሠራ ይሆን?" አሉና ጣታቸውን አስነኩት። "ዋይ! ይሠራል።"

"እርግጠኛ ነዎት?" ተማሪዋም ነካችው። "ኧረ! ይሠራል።"

ፉጨት የምንለው ባልደረባችን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሙሉ መዳፉን አሳረፈበት። "እኔ ምንም አልተሰማኝም" እያለ ቀኑን ሙሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ዋለ።

ፉጨት የክፍል ሀ ሞግዚት ነው። ሌላ ስም አለው፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያፏጭ በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። የሁለታችንን ሳጥኖች የሚያጥብበት ክፍል ከኔ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። እሱ ወደ ማጠቢያው ከተመለሰ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ያ የሠርግ ዜማው መጣ።

ፕሮፌሰሩ ጣታቸውን አነሡ። "ይህ ድምፅ በየቀኑ ነው?"

"በየደቂቃው ነው" አልኩ። ሐቅ ነው፣ ምን ላድርግ።

ፕሮፌሰሩና ተማሪዋ ተያዩ። አይጦቹ ለድምፅ ሁሉ ጆሯቸው ደንድኗል፣ ከዚያም አልፈው ምንም ነገር አያስደነግጣቸውም ተባለ። ማፏጨት ተከለከለ።

ቀለል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ አልመረመርኩም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ፣ በችኮላ

"አፌ ሥራ ፈታ" ይለኛል ፉጨት። "ሌባ እንኳ ሲያዝ የሚታሰረው እጁ ነው።" አሁን ጥጥ ጎርሶ ነው የሚያጥበው። ማታ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የቀኑን ሙሉ ፉጨት ባንዴ ለቀቀው፤ ሁለት ውሾችና አንድ ፖሊስ ዞሩ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ተማሪዋን ፍርሃት የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኳት። ጣቷን ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ፣ "እዚህ ውስጥ፣ ግራና ቀኝ። የለውዝ ፍሬ ታህላለች፣ አሚግዳላ ይሏታል። የአይጥማ ከሰሊጥ ብትበልጥ ነው" አለችኝ። እኔ ቢያንስ የብርቱካን ያህል ይሆናል ብዬ ነበር።

ያለፈው ዓመት ሥራዋንም ነገረችኝ። አይጧን አንድ ድምፅ ታሰማታለች፤ አስከትላ እግሯን በትንሹ ታነዝራታለች። ጥቂት ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ንዝረቱ ቀርቶም፣ ድምፁን የሰማች እንደሆን አይጧ ባለችበት ድርቅ ትላለች። ጢሟ እንኳ አይነቃነቅም።

"እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል" አልኳት።

"እሱን ለማስረዳት እኮ ነው ሙሉ ምዕራፍ የጻፍኩት" ብላ ሳቀች።

"ታዲያ ይጠፋላታል?"

"አይጠፋም። ድምፁን ደጋግሜ አሰማታለሁ፣ ምንም ክፉ አይከተልም። ቀስ በቀስ 'አሁን ደህና ነው' ማለት ትማራለች። የድሮው ግን ከሥሩ አለ። ሌላ ክፍል ስወስዳት ተመልሶ ይመጣል።"

ማታ ደረጃውን ስወጣ ቁልፌን አወጣሁ። ቁልፌ ላይ ትንሽ ቃጭል አለች፤ እንዳይጠፋብኝ ካገባሁ ጀምሮ ያንጠለጠልኳት። ድሮ ከሥራ ስመለስ ከታች እሰማቸው ነበር፤ አባትና ልጅ የሆነ ነገር ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። ቃጭሏ ስትሰማ ጸጥ ይላል። በሩን ስከፍት እሱ ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንደያዘ፣ እሷ እርሳሷን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች።

አክብሮት ነው እል ነበር። "የኔዎቹ እኔ ስገባ ጭጭ ነው" ብዬ ለጎረቤት ሳይቀር አውርቻለሁ፣ ኮርቼ።

ነገ ሰጋቱራ ይመጣል። መተኛት አለብኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ፉጨት አልተሰማም። አይጦቹ ብሰዋል። ዛሬ አንዷ ገደሉ ጫፍ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

"ጉዳቱ ደርሷል ማለት ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ። የፉጨት ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ አይታደስም። ሌላ ሰው ይፈለጋል። ወደኔ ዞረው፣ "እንደ እርስዎ ያለ፣ ኮሽታ የሌለው ሰው" አሉ።

ፉጨት ጥጡን ከአፉ አውጥቶ ሊናገር ነበር። መልሶ ጎረሰው።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አንዷ አመለጠች! ክዳኑን ሳነሣ ዘላ ወረደች። እንዴት በርጩማው ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። እሷ እንደመሸሽ ወደ በርጩማው እግር መጣችና ቀና ብላ አየችኝ። አላፈረችም።

ተማሪዋ በሩን ከፈተች። "እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"አምፖሉን እያየሁ።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

ሄደች። ቆየት ብሎ ፉጨት ገባ። እኔን አየ፣ አይጧን አየ፣ በጭራዋ ብድግ አደረጋት። ሲጥ አለች፤ እኔም አብሬ ሲጥ አልኩ።

"እቴ! ትፈሪያለሽ እንዴ?"

"አልፈራም። አልወዳቸውም።"

ዓይኑ ጋዋኔ ላይ ቀረ። ቱቦው ብቅ ብሏል። ቀስ ብሎ ሳበው፣ ገለበጠው፣ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ አየኝ፤ ከዚያ ለወጉ ያህል ሳጥኑ ውስጥ አጋደመው። አይጦቹ ከየጥጉ መጥተው ተሰለፉ።

"እዪማ" አለ። "የኔዎቹ እጄን ሲያዩ ጥግ ገብተው ይደራረባሉ። ያንቺዎቹ ወረፋ ይይዛሉ።"

ደስ አለኝ። እሱ ወደ በሩ እስኪደርስ ድረስ ደስ እንዳለኝ ነበር። እዚያ ሲደርስ ሊያፏጭ ከንፈሩን አሾለ፤ ትዝ አለውና ተወው። ያን ጊዜ ገባኝ።

ከፉጨቱ አይደለም። ከአየሩም አይደለም። እጄ ነው። ማለቴ፣ አለመያዜ ነው።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ነገ እናገራለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። ሰኞ።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ስብሰባ ያበዛሉ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ቢሮአቸው በር ድረስ ሄድኩ። በሩ ጥሩ እንጨት ነው። ተመለስኩ።

ከተናገርኩ እባረራለሁ። ካልተናገርኩ እሱ ይባረራል። ፉጨት አውቋል? አውቆ ከሆነ ለምን ዝም አለ? ዛሬ ሻይ አመጣልኝ። ስኳር ጨምሮበታል። ይህ ከስድብ ይብሳል።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ ማታ

ልጻፈው።

ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ ሄጄ አንኳኳሁ።

"ይግቡ! ግን በሩን ብዙ አይክፈቱት!" የሚል ድምፅ መጣ።

በጎኔ ሾልኬ ገባሁ። ፕሮፌሰሩ ጥግ ላይ ዣንጥላ ዘርግተው ቆመዋል። ጣሪያው አያፈስም።

"መብራቱ ላይ" አሉኝ በሹክሹክታ።

የእሳት ራት ናት። አምፖሉን ትዞራለች፤ እሳቸውም ዣንጥላቸውን ይዘው እሷን ተከትለው ይዞራሉ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ነው" አሉ። "ያ የክንፏ ብናኝ... ሠላሳ ዓመት ፍርሃት አጥንቻለሁ፤ እባክዎን ለማንም እንዳይናገሩ።"

አምፖሉን አጠፋሁና መስኮቱን ከፈትኩ። ውጭ የመንገዱ መብራት በርቷል። "ይቆዩ" አልኳቸው፤ "ራሷ ትወጣለች።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ቃሉ የማን እንደሆነ ያወቅሁት።

በጨለማው ቆመን ጠበቅን። ሰው ፊቱ ካልታየ አፉ ይፈታል።

"ፕሮፌሰር፣ እኔም አይጥ እፈራለሁ።"

"የትኛዋን?" አሉ።

"ሁሉንም።"

ከዚያ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ሥዕሉን፣ ቱቦውን፣ ፉጨትን። ዣንጥላው ቀስ እያለ ሲታጠፍ ሰማሁ።

"ይህ እኮ የታወቀ ነገር ነው" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "በጭራዋ የተያዘች የሰው እጅ ትፈራለች፤ በቱቦ የገባች አትፈራም። እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ! ያ ሥዕል እኔ ከመምጣቴ በፊት የተለጠፈ ነው። ስንት ዓመት በፊቱ አለፍኩ?" ከዚያ ደግሞ፣ "ወጥታለች?"

"ወጥታለች።"

"ያ ሰውዬ ከነገ ጀምሮ ያፏጭ።"

ስለኔ ምንም አላሉም። ለመጠየቅ ወኔው አልቆብኝ ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ከግድግዳው ወዲያ የሠርግ ዜማ፣ ከጠዋት ጀምሮ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት።

"አውቀህ ነበር አይደል? ለምን አልተናገርክም?"

"አንቺ እስክትናገሪ ጠበቅኩ" አለኝ። "ግን እቴ፣ ትንሽ ብትፈጥኚ ምን ነበረበት? ጥጡ እኮ ይመርራል።"

ተማሪዋ ግን ምዕራፏ ሁሉ ከንቱ ቀረ። "እንባዬ ሲመጣ አጠገቤ ነበሩ!" አለችኝ። "'ከአየሩ ይሆናል' አሉኝ!" እትዬም አላለችኝ። ድሮ ቢሆን ለአንድ ቃል አሥር ቃል እመልስ ነበር። ዛሬ ዝም አልኩ፤ ያልጮህኩት እውነቷን ስለሆነ ነው።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

ፉጨት ከአይጦቼ እኩሌታዎቹን በጭራ ይዞ ሰነበተ። እነሱ ገደሉን ፈሩ። የኔዎቹ ፊታቸውን ታጠቡ። ተረጋገጠ። ኮሚቴው ለተማሪዋ ጊዜ ጨመረላት፤ እንደ አዲስ ትጀምራለች። የፉጨት ውል ታደሰ። እኔንም አላባረሩኝም። "የማይፈራ ሰው ብቀጥር ኖሮ እኮ አንገነዘበውም ነበር" አሉ ፕሮፌሰሩ።

ተማሪዋ አሁንም አታናግረኝም። ዛሬ ግን በርጩማዬ ላይ አንድ ከረጢት አዲስ የፕላስቲክ ቱቦዎች አገኘሁ። ማታ ላይ ደግሞ ከኋላዬ፣ "ያንን ሥዕል ልነቅለው ነው" አለች። "በዚያ ጫፍ ይያዙልኝ፣ እትዬ።"

ጥር 4፣ እሑድ

ልጄ ደወለች። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በላሽ፣ በላሁ። ከዚያ ሳላስበው፣ "አይጥ እፈራለሁ" አልኳት።

"ምን?"

"ድሮም እፈራ ነበር። መጸየፍ አልነበረም።" የበርጩማውን፣ የአምፖሉን፣ ጋዋኔ ውስጥ የገባችዋን አይጥ ሳይቀር ነገርኳት። የዣንጥላውን ለብቻዬ አስቀረሁት፤ ቃል ቃል ነው። ሳቀች። ሳቋ አያቆምም፤ የአባቷን ሳቅ ነው የምትስቀው፣ ከደረጃው በታች ሆኜ እሰማው የነበረውን።

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እማ፣ አባዬም ይፈራ ነበር እኮ።"

"ምኑን?"

"አይጥ። መንካት አይችልም ነበር። ለዚህ እኮ ነው ቀን መቁጠሪያውን የሚጠቀልለው። ይዟት ደረጃውን ሲወርድ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ አብሬው እወርድ ስለነበር አውቃለሁ። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።"

ስልኩን እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። እሱም፣ እኔም። እሱ ግን ወለሉ ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ።

ልትሰናበተኝ ስትል "መቼ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። እሷም ጥቂት ጠበቀችው። እንደማይመጣ ስታውቅ፣ "እሑድ ደግሞ ረዘም አድርጌ እደውላለሁ" አለች።

ቃጭሏን ከቁልፌ ልፈታት ተነሥቼ ተውኳት። ብደብቃት ምን ይጠቅማል? ልጄ የመጣች ጊዜ ትሰማ፣ ምንም ክፉ አይከተላት፤ ደጋግማ ትሰማ።

ይህን ደብተር ጠቅልዬ ተማሪዋ ካመጣቻቸው ቱቦዎች ትልቁ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ የዣንጥላውን ገጽ ብቻ አጣብቄዋለሁ። አይጥ አልገባበትም፤ ለማንኛውም ሁለቴ አጥቤዋለሁ። ነገ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። መልስ አልጠብቅም። እሺ፣ እጠብቃለሁ፣ ግን ፊቴን አዙሬ ነው።

ተቀባይዋ ልጄ ናት፤ አባቷ እየተንቀጠቀጠ ደረጃውን ሲወርድ አብራው የወረደችው።